በጀርባዬ ያዘልኋት ፈረንጅ

ስለዚያ ዘመን የጦር ወሬ የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላ ሰው ይሂድልኝ። እኔ የደንገል ታንኳ ሠሪ ነኝ። ጣልያን ባሕር ዳር ሲገባ ደንገል እያጨድሁ ነበር፤ ሲወጣም ደንገል እያጨድሁ ነበር። መካከሉን ደክሞኝ ነው ያሳለፍሁት። “ያኔ አንተ ምን ሠራህ?” ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ “ደከመኝ” ስላቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። ወላሂ ቀልድ አይደለም። አንዱን ጠመንጃ አደከመው፣ አንዱን ስደት አደከመው፤ እኔን ያደከመችኝ አንዲት ሴት ናት፤ ያውም የማትተነፍስ ሴት።

ነገሩ የተጀመረው በጨው ነው። የሚስቴ የዘይነባ ወንድም አሊ በታንኳ ጨው ያመላልስ ነበር። ጨው ማመላለስ ደግ ሥራ ነው፤ ጣጣው ጨዉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። የአሊ ጨው የሚደርሰው ቆጋ ወንዝ አካባቢ ለመሸጉት አርበኞች ነበር። ጣልያን ደረሰበትና አሊን ይዞ ምሽጉ ውስጥ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ዘይነባ በምትናገረው ነገር ሁሉ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል ትጨምር ጀመር። “እራት ቀርቧል፤ ወንድሜስ?” “ፍየሏ ወልዳለች፤ ወንድሜስ?” ጣልያንን የማዝዘው እኔ እመስል ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር፣ መጣና “ካፒታኖው ይፈልጉሃል” አለኝ። ዘይነባ ስሰናበታት አላለቀሰችም። “አሊን ካየኸው ሰላም በለው” አለችኝ።

ካፒታኖው የምሽጉ አዛዥ ነው። ሽበታም፣ ቀጭን፣ በሄደበት ሁሉ አንገቱን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው። መንደር ሲቃጠል ያዘዘ እሱ ነው፤ የእኛንም አህዮች ለጭነት ብሎ ወስዶ በዚያው ቀርተዋል። ስለዚህ ወደድሁት ብዬ አልዋሽም። ስገባ ግን ጅራፍ የያዘ ሰው አልጠበቀኝም። የጠበቀችኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ሴት ናት።

በዘይት ቀለም የተሣለች ሥዕል ነበረች፤ ቁመቷ ከወገቧ በላይ ሆኖ እንኳ የእኔን ደረት ይደርሳል። ጥቁር ከፋይ ለብሳለች። ትከሻዋ ተገልጧል። ፀጉሯ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። በአንድ እጇ የሌላውን እጇን ጓንት ይዛ ወደ ጎን ትመለከታለች፤ አንድ የማይረባ ሰው ሲያናግራት ፊቷን ያዞረች ትመስላለች። ዙሪያዋን ወርቅ የተቀባ ከባድ እንጨት ይዟታል።

ካፒታኖው ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ባሻይ ወልዱ አሳጠረልኝ። “እናቱ ናት። እሱ ሳይወለድ የተሣለች ናት። እሱን ስትወልድ ሞተች። ፊቷን የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነው።”

“ነፍስ ይማር” አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

“ጦርነቱ እየቀረበ ስለሆነ በጎርጎራ በኩል ወደ አገሩ ሊሰዳት ነው። ባሕሩን ግን ፈርቷል። ጀልባው ቢሰጥም እንኳ እሷ የማትሰጥምበት የደንገል ሳጥን ሥራልኝ ይልሃል።”

እኔም ደፈር ብዬ “ይሠራል፤ ግን እዚህ የታሰረ አሊ የሚባል የሚስቴ ወንድም አለ” አልሁ። ባሻይ ወልዱ ተረጎመ። ካፒታኖው አንገቱን ጠረገና አንዲት ቃል መለሰ።

“መጀመሪያ ሳጥኑን ልየው ይልሃል።”

እንግዲህ ምኑን እምቢ እላለሁ? እሱ በማግሥቱ ወደ ጎንደር ተጠርቶ ስለሚሄድ፣ እስኪመለስ በልኳ እንድሠራላት ሥዕሏን ወደ ቤቴ እንድወስዳት አዘዘ። አራት ነገርም አስጠነቀቀኝ። ፀሐይ እንዳይነካት፤ እርጥበት እንዳይነካት፤ ጭስ እንዳይነካት፤ አይጥ እንዳይነካት። አንገቴን ነቀነቅሁ። የእኛ ቤት ከፀሐይ፣ ከእርጥበት፣ ከጭስና ከአይጥ በቀር ሌላ ንብረት አልነበረውም።

አሁን የኔን መከራ ያመጣው አንድ ነገር ተደረገ። እንዳትጫር ብለው ሁለት አስካሪዎች በቁስለኛ ቃሬዛ ላይ አጋድመው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው ተሸከሟት። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። በመንደሩ መካከል ስናልፍ ከባሕሩ በኩል የመጣ ነፋስ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለበጠው። ከጎረቤታችን ከእማማ ትርንጎ ደጅ የተሰበሰቡ ሴቶች ያዩት ነጭ ፊትና ነጭ ትከሻ ብቻ ነው። ወዲያው ብርድ ልብሱ ተመለሰ። እኛም ቤት ገባን።

እማማ ትርንጎ ከእኛ ቀድመው ወሬውን ለባሕር ዳር ሁሉ አዳርሰውታል። ታማሚ የፈረንጅ ሴት እኔ ቤት ገብታለች!

ዘይነባ ሥዕሏን አይታ “ይህችን የት ነው የማደርጋት?” አለች። እውነትም ቦታ አልነበረም። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ የሰው ምስል በተሰቀለበት ቤት አንሰግድም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርናት፤ ጀርባዋን ሸረሪት ወደደው። ጎተራ ውስጥ አስገባናት፤ እህሉ ቀለም ቀለም ሸተተ። በመጨረሻ ከመደቡ ጥግ አቆምናት። ዘይነባ ብርድ ልብሱን ገፈፈቻትና ለራሷ አደረገችው። “ከእሷ ቢያንስ አንድ ነገር እንጠቀም” አለች።

በማግሥቱ እማማ ትርንጎ አጥሚት ይዘው መጡ።

“እንዴት አደረች?” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ማን?”

“እንግዳይቱ።”

“እማማ፣ ሥዕል ናት እኮ!”

“ይሁን፤ ይሁን” አሉ፤ ዓይናቸው ግን ‘ገብቶኛል፤ ምሥጢርህ እኔ ዘንድ ነው’ ይላል። “ምን ትበላለች?”

“ምንም አትበላም።”

“ወይኔ! ምንም! እንዲህ እስክትሆን ነው የጠበቃችሁት?” ብለው አጥሚቱን አስቀምጠው ሄዱ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ቂልነት ልንገራችሁ። አጥሚቱ ትኩስ ነው፤ ቅቤ አለው፤ እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም። ጠጣሁት። ጎድጓዳ ሳሕኑን አጥቤ መለስሁ። እማማ ትርንጎ ባዶውን ሳሕን ለመንደሩ ሁሉ አሳዩ። “ጠጣችው! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉውን ጠጣችው!” ከዚያ ወዲህ አጥሚት የማይመጣበት ጠዋት የለም። ብመልሰው ጎረቤት ይቀየማል፤ ባልመልሰው ወሬው ይጠናል፤ ስለዚህ እጠጣለሁ። እኔ ወፈርሁ፤ እሷ እየዳነች ነው ተባለ።

ሥዕሏን ወደ ምሽጉ ልመልሳት ብዬ ሄጄም ነበር። በር ላይ ያለው ጣልያን ቃሬዛ ሳይኖር ሥዕሉን በራሴ ላይ አድርጌ ሲያየኝ በሁለት እጁ “ሂድ! ሂድ!” አለኝ። ባሻይ ወልዱ ከውስጥ ወጥቶ ነገሩን አስረዳኝ። “ካፒታኖው በሌለበት ማንም አይረከብህም። ብትጫር ማን ይጠየቃል? አንተው ጋ ትቆይ፤ ብትጫር አንተው ትጠየቃለህ።” ይዣት ተመለስሁ። ስወጣም ስገባም ያየኝ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። የዘይነባ አጎት ሼህ ኑሩ ከሁለት ሰዎች ጋር ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ እንኳን ሁለት ሦስትም ይፈቀድልሃል” አሉ ሼህ ኑሩ። “ነገር ግን ወንድሟን ፈረንጅ አስሮባት፣ አንተ ፈረንጅ ታገባባታለህ?”

“ሼህ፣ ሥዕል ናት።”

“ዘይነባ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?”

“ሥዕል ናት አጎቴ” አለች ዘይነባ።

ሼህ ኑሩ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረው “አያችሁ ትዕግሥቷን? ገመናውን ትሸፍንለታለች” አሉ። ሁለቱም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ተነሥቼ “እንግዲያው ራሳችሁ እዩ!” ብዬ ሥዕሏን ከጥግ አወጣኋትና በፊታቸው አቆምኋት። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

“ሸፍናት!” አሉ ሼህ ኑሩ። “ትከሻዋ! ትከሻዋ!”

“ይመልከቷት እንጂ! እንጨትና ሸራ ናት!”

“የሰው ሚስት ራቁት ትከሻ አንመለከትም፤ ሸፍናት ብያለሁ!”

ዘይነባ ሻሿን ፈታ በሥዕሏ ትከሻ ላይ አሰረችላት። ሽማግሌዎቹ ግን ያን ጊዜም አልዞሩም። ግድግዳውን እያዩ ፍርድ ሰጡ። ለሁለቱ ሴቶች እኩል እንዳበላ፣ እኩል እንዳለብስ፣ አንዷን ከሌላዋ እንዳላበልጥ። ሲወጡም ፊታቸውን በኩታቸው ከልለው ወጡ። ዘይነባ በር ላይ ቆማ “አጎቴ፣ ወንድሜስ?” ስትል ሰማኋት።

ተስፋ ቆርጬ ወደ ወዳጄ ወደ መምሬ ካሳ ሄድሁ። መምሬ ካሳ ቄስም ሠዓሊም ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሣሉት እሳቸው ናቸው። እባክዎ ዕቃ ቤት ያስቀምጡልኝ አልኋቸው። ቤቴ ድረስ መጥተው ከፊቷ ቁጢጥ አሉና ብዙ ቆዩ። ወደ ግራ ሄዱ፤ ወደ ቀኝ ሄዱ።

“አንድ ዓይን ተኩል ናት” አሉ በመጨረሻ።

“ምን ማለት ነው መምሬ?”

“በእኛ አሣሣል ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል። ኀጥእ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህች ግን አንዱ ሙሉ ነው፤ ሌላው ከአፍንጫዋ ጥግ ሾልኮ ግማሹ ይታያል። ጻድቅም ናት አልል፣ ኀጥእም ናት አልል።”

“እንግዲያው ምንድን ናት?”

“እንደኔና እንዳንተ ናት” አሉ እየተነሡ። “እንደኔና እንዳንተ ያለ ሰው ደግሞ ከንዋየ ቅድሳት ጋር አይቀመጥም።” ትንሽ ቆም ብለው “እጇ ግን ግሩም ነው። ጣቶቿን እንዴት አድርጎ ሣላቸው!” አሉና ሄዱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳጥኑ በግማሽ ቆሟል። ጠዋት አጥሚት፣ ቀን ሽማግሌ፣ ማታ ዘይነባ፤ ደንገሉን መቼ ልጎንጉነው?

አንድ ቀን ባሕሩ ዳር ደንገል ሳሰጣ አንድ ጎፈሬያም ሰው ታንኳ ሊገዛ መስሎ ቀረበኝ። ታንኳውን እየዳሰሰ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ “ግራዝማች አለነ ሰላም ይሉሃል” አለኝ።

 ግራዝማች አለነ በቆጋ በኩል ያሉት አርበኞች አለቃ ናቸው።

“ጀግና ነህ ብለዋል” አለ ሰውየው። “አንድ የፈረንጅ ሴት ማርከህ ቤትህ እንደደበቅህ ሰምተዋል። አምጣት፤ በእሷ ለውጠን አሊን እናስፈታለን ይላሉ።”

“ጌታዬ፣ ሥዕል ናት!”

ሰውየው ግራ ቀኙን አየና ጠቀሰኝ። “ገባኝ። ሥዕል። ደግ ስም አወጣህላት። እንግዲያው ‘ሥዕሏን’ ይዘህ ና፤ ባትመጣ ግን ግራዝማች ለራስህ አስቀረሃት ብለው ይቀየሙሃል።” ጠመንጃ ያለው ሰው ‘ይቀየማል’ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ለዘይነባ ነገርኋት። “ውሰዳት” አለች።

“ሥዕል መሆኗን አንቺ ታውቂያለሽ!”

“ወንድሜን ካመጣችልኝ የፈለገችውን ትሁን።”

በማለዳ ታንኳዬ ላይ ጫንኋት። ባጋድማት ውሃ ይነካታል፤ ስለዚህ ከፊቴ አቁሜ በገመድ አሰርኋት። ሐሳቤ ዳር ዳሩን ወደ ዘጌ አቅጣጫ ቀዝፌ፣ ከዚያ በእግር መሄድ ነበር። ታንኳ ሸራ የለውም፤ ያን ቀን ግን የእኔ ታንኳ ሸራ ነበረው። ነፋሱ ጀርባዋን አገኘና ይዞን በረረ። እኔ ወደ ዘጌ እቀዝፋለሁ፤ እሷ ወደ ክብራን ትነዳኛለች። ክብራን ደግሞ ሴት የማትረግጠው የገዳም ደሴት ነው።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከዳር ቆመው ሲያዩን መቋሚያቸውን አነሡ። “ተመለስ! ሴት አይገባም!”

“አባ፣ ሥዕል ናት!” ብዬ ጮኽሁ።

“ሥዕልም ብትሆን ሴት ናት! ተመለስ!”

“እኔ ልመለስ እያልሁ ነው፤ እሷን ይንገሯት!”

መነኩሴው በእውነት ነገሯት። ገሠጿት፤ ገዘቷት። እሷ ወደ ጎን እያየች ወደ ደሴቱ ቀጠለች። በመጨረሻ መቋሚያቸውን ዘርግተው ታንኳዋን ገፍተው መለሷት፤ እኔም ገመዱን ፈትቼ አስተኛኋትና፣ ውሃ እንዳይነካት ከበላይዋ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ከእሷ ጋር እየታገልሁ ዘጌ አካባቢ ደረስሁ። ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ።

ከዚያ ጀርባዬ ላይ አዘልኋት። ፊቷ ወደ ኋላ ነው። መንገደኛ ከኋላ ሲመጣ ሻሽ ያደረገች ነጭ ወይዘሮ በሰው ጀርባ ላይ ሆና ታየዋለች። አንድ ባለበቅሎ ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወርደው እጅ ነሱ። አልመለሰችላቸውም። ጥቂት ተከትለው እንደገና እጅ ነሱ። ዝም። “ምን ያለች ኩራተኛ ናት!” ብለው በቅሏቸውን ኮረኮሩ። እኔን አንድም ሰላም ያለኝ የለም።

አርበኞቹ ሰፈር ስደርስ ጎጆ ተጠርጎ፣ አልጋ ተነጥፎ፣ ማር በብርሌ ቀርቦ ጠበቀኝ። ግራዝማች አለነ የታጠበ ኩታ ለብሰው፣ ጢማቸውን አበጥረው፣ ለወይዘሮዋ በተዘጋጀ፣ ከየት እንደመጣ ባላወቅሁት ወንበር አጠገብ ቆመዋል። ሥዕሏን ከጀርባዬ አውርጄ ወንበሩ ላይ አስደገፍኋት።

 ጎፈሬያሙ መልእክተኛ አፉን ከፍቶ ቀረ።

“ይህ ምንድን ነው?” አሉ ግራዝማች።

“ሥዕል ነው ጌታዬ።”

“ሴትዮዋስ?”

“ይህችው ናት።”

ግራዝማች ወደ መልእክተኛው ዞሩ። “ስሟ መስሎኝ…” አለ እሱ።

እኔ ያን ጊዜ ከድካሜ ብዛት መፍራትም ተሳነኝ። ሳይፈቀድልኝ መሬት ላይ ተቀመጥሁና ሁሉንም አወራኋቸው፤ ቃሬዛውን፣ አጥሚቱን፣ ሽማግሌዎቹን። ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ግራዝማች አልሳቁም። “የማን ናት አልህ?” አሉኝ።

“የካፒታኖው እናት። እሱን ስትወልድ ሞተች። ፊቷን የሚያውቀው በዚህ ነው።”

ግራዝማች ሥዕሏን ከወንበሩ አንሥተው ጎን አስደገፏትና ራሳቸው ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

“እኔ እናቴን የቀበርኋት በሕፃንነቴ ነው” አሉ። “ፊቷን ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የአክስቴ ፊት ነው።” ሰዎቹ ሳቃቸውን ተዉ። “ይሰጣል፤ ለዚችስ ሰው ይሰጣል። እዚህ ትቆይ። ሂድና አሊን ስጥ፣ እናትህን ውሰድ በለው። ያ ልጅ ከተያዘ ወዲህ አልጫ ስንበላ ሰነበትን።”

ቤቴ ስመለስ ካፒታኖው ከጎንደር ተመልሶ ደጄ ላይ ቆሟል። ባሻይ ወልዱ አጠገቡ ነው። ዘይነባ በሩን ዘግታ ቆማበታለች። ግራዝማች ያሉትን ለባሻይ ወልዱ ነገርሁት። 

“ይህን አልተረጉምም” አለኝ በአማርኛ፣ ፊቱን ፈገግ እያደረገ። “መጀመሪያ የሚሰቀለው የተናገረው አፍ ነው፤ የሚናገረው ደግሞ የኔ አፍ ነው።”

“እንግዲያው ምን ይሻላል?”

ትንሽ አሰበና ለካፒታኖው አንድ ነገር ተናገረ። ኋላ ሲነግረኝ፣ ወይዘሮዋ አገር ለመጎብኘት ወጥታ፣ ባላገሮቹ ከፍቅራቸው ብዛት እንግድነቷን አስረዝመውት፣ በምትኳ አሊ የሚባል እንግዳ ካልመጣላቸው አንለቃትም ብለዋል ነበር ያለው። ካፒታኖው ሞኝ አይደለም። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። እጁን ወደ ሽጉጡ ሲሰድ አየሁና ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ አንገቱን በመሐረብ ይጠርጋል።

አንድ ነገር ጠየቀ። ባሻይ ወልዱ እንደማያምን ሆኖ ተረጎመልኝ፦ “ውሃ ነክቷታል? ይልሃል።”

“አልነካትም” አልሁ። “እኔን ነው የነካኝ።”

ልውውጡ የተደረገው ከዘጌ ወዲህ፣ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። በወዲህ ዳር ካፒታኖውና ወታደሮቹ፤ በወዲያ ዳር፣ በደንገሉ ውስጥ፣ የግራዝማች ሰዎች። ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን ደግኗል። በመካከሉ ውሃ አለ፤ በውሃው ላይ የሚቀዝፍ ሰው ያስፈልጋል። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

አሊን ጫንሁት። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ አንደበቱ ግን እንደድሮው ነው። ውሃው መካከል ስንደርስ ጠየቀኝ።

“በማን ነው የለወጡኝ?”

“በሴት።”

ቀና አለ። “በፈረንጅ?”

“በፈረንጅ።”

“በትልቅ ሰው?”

መዋሸት ሲገባኝ፣ ደክሞኝ ነበርና እውነቱን ተናገርሁ። “ሥዕል ናት።”

“ምን?”

“በሸራ ላይ የተሣለች የሞተች ሴት።”

አሊ መቅዘፊያዬን ያዘ። “መልሰኝ!”

“ምን ነካህ?”

“እኔ በሥዕል? እዚያ ውስጥ ከእኔ ጋር የታሰሩት ሰዎች ምን ይሉኛል? በሥዕል ተለወጠ ልባል? መልሰኝ ነው የምልህ!”

ታንኳዋ ትዞር ጀመር። በወዲህ በኩል ወታደሮቹ ይጮኻሉ፤ በወዲያ በኩል ደንገሉ ይንቀሳቀሳል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሰው ላይ በቁጣ ጮኽሁ። “ስማ! ስንት አጥሚት እንደጠጣሁብህ አታውቅም! መነኩሴ በመቋሚያ ገፍቶኛል! እህትህ እንቅልፍ ነሥታኛለች! ቁጭ በል፣ ካልሆነ አሁኑኑ ይህን ታንኳ ገልብጬ ሁለታችንም እንገላገላለን!”

ቁጭ አለ። ወዲያ ዳር ወርዶ ወደ ደንገሉ ሲገባ ዞር ብሎ አላየኝም፤ ተቀይሞኛል። የግራዝማች ሰዎች ሥዕሏን አስጫኑኝ። ተመልሼ ካፒታኖው ፊት አቆምኋት።

ወታደሮቹን ራቅ እንዲሉ አዘዘና ተንበረከከላት። ጥግ ጥጓን ዳሰሰ። የዘይነባ ሻሽ ትከሻዋ ላይ እንደታሰረ ነው። ይፈታዋል ብዬ ስጠብቅ ቋጠሮውን ነካ አድርጎ ተወው። ፊቷን በጣቱ ጠረገና ጣቱን አሳየኝ፤ ጥቀርሻ ነው።

“ጠቁራለች ይልሃል” አለ ባሻይ ወልዱ።

“ከእኛ ጋር ነው የሰነበተችው በለው” አልሁ።

ተረጎመው አልተረጎመው አላውቅም። ካፒታኖው ግን ገፍቶ አልጠየቀኝም። ሳጥኑን በዚያው ሰሞን ጨርሼ ሰጠሁት፤ እሷን በውስጡ አድርገው በሞተር ጀልባ ወደ ጎርጎራ ወሰዷት። ደረሰች ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሳጥኑ ግን አይሰጥም ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ አሊ ከዱር ተመለሰና ተድሮ ገባ። ሠርጉ ላይ ሰው ከብቦት ታሪኩን ሲያወራ እኔ ጥግ ተቀምጬ ነበር። “በአንዲት የጄኔራል ሚስት ነው የለወጡኝ” ይላል። “ጣልያን እሷን ለማግኘት ሲል ምሽጉን ባዶ ሊያደርግ ምንም አልቀረውም። አልቅሳ ነበር፤ መሄድ አልፈለገችም።” እማማ ትርንጎ “እውነት ነው፤ ምስኪን፣ አጥሚቱን እንዴት ትወደው ነበር!” አሉ። ሼህ ኑሩ ሳይቀሩ “ጨዋ ሴት ነበረች” ብለው መሰከሩ።

አንዱ እንግዳ ወደ እኔ ዞረ። “እውነት ነው እንዴ? አንተ ቤት ነበረች ይባላል።”

አሊ አየኝ። ያ በታንኳው ላይ ያየሁት ፊቱ ነው፤ ‘መልሰኝ’ ሊለኝ ምንም አልቀረውም። ሠርጉ ነው፤ ሙሽራይቱም ትሰማለች። እኔ ደግሞ ሥዕል ናት፣ ሥዕል ናት ስል ስንት ጊዜ ኖርሁ፤ ማን ሰማኝ?

“አዎ” አልሁ። “ሴት ናት።”

ያን ጊዜ ዘይነባ ከሴቶቹ መካከል ሳቋን በእጇ ይዛ ቀና አለች።

“ቁመቷስ!” አለች። “የእኛን በር ጎንበስ ብላ ነበር የምትገባው።”